የመጀመሪያው መግለጫ ዕድሜ፦ በድርጅት ቀውስ ወቅት ከብዙኃን መገናኛ ጋር የሚደረግ ተግባቦት፣ በበረራ ቁጥር 302 አደጋ ማሳያነት

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ ድንገተኛ ቀውስ የገጠመው ድርጅት ለብዙኃን መገናኛ የሚሰጣቸው የመጀመሪያ መግለጫዎች በምን ሊመዘኑ እንደሚገባ ይመረምራል። ማሳያው መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የደረሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አደጋ ነው። የአየር መንገዱና የአውሮፕላኑ አምራች የቦይንግ ኩባንያ መግለጫዎች ጎን ለጎን ይታያሉ። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ የመግለጫ ጥራት የሚለካው በተሰጠበት ዕለት ባስገኘው መረጋጋት ሳይሆን ኋላ በሚወጣ ማስረጃ ፊት ጸንቶ በመቆየቱ ነው የሚል ነው። ለዚህም ድርጅቱ ያረጋገጠውን፣ በማረጋገጥ ላይ ያለውንና ሊናገረው የማይገባውን ከመጀመሪያው ሰዓት አንሥቶ ለይቶ መያዝ ይኖርበታል።

ቁልፍ ቃላት፦ የቀውስ ተግባቦት፣ ብዙኃን መገናኛ፣ ቃል አቀባይ፣ የአቪዬሽን አደጋ፣ ተአማኒነት

1. መግቢያ

ቀውስ የገጠመው ድርጅት ሁለት ሥራዎች በአንድ ጊዜ ይጠብቁታል። አንደኛው ጉዳቱን መቆጣጠር፣ ሁለተኛው ስለ ጉዳቱ መናገር ነው። የመጀመሪያው ባለሙያና መሣሪያ የተመደበለት፣ ልምምድ የሚደረግበት ሥራ ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ቀውሱ ከደረሰ በኋላ፣ ስልኮች ያለማቋረጥ በሚጮኹበት ሰዓት የሚታሰብ ነው። በዚያ ሰዓት የተነገረ ቃል ግን ተመልሶ አይሰበሰብም። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለው ብሂል ለድርጅቶችም ይሠራል።

የዘርፉ መማሪያ መጻሕፍት ዘወትር የሚጠቅሱት ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1982 ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የገጠመው የታይለኖል ቀውስ ነው። በቺካጎ አካባቢ 7 ሰዎች በሳያናይድ የተመረዘ የራስ ምታት መድኃኒት ወስደው ሞቱ፤ ኩባንያውም 31 ሚሊዮን ያህል ጠርሙሶችን ከገበያ ሰበሰበ። ምሳሌው ጠቃሚ ቢሆንም ወሰን አለው። መርዙ የተጨመረው መድኃኒቱ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ስለነበር፣ ኩባንያው ራሱን ከተጎጂዎች ወገን አድርጎ መናገር አላስቸገረውም። አብዛኛው የድርጅት ቀውስ ግን እንዲህ አይደለም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ምናልባትም የራሱ ሊሆን እንደሚችል እያወቀ ድርጅቱ መናገር ይገደዳል። የበረራ ቁጥር 302 አደጋ ለጥናት የሚመረጠው ይህን ሁኔታ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

2. የንድፈ ሐሳብ መነሻ

በቀውስ ተግባቦት ጥናት ሁለት ማዕቀፎች በብዛት ይጠቀሳሉ። ዊልያም ቤኖይት እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ሥራ የገጽታ ጥገና ስልቶችን በአምስት ይከፍላቸዋል፦ መካድ፣ ኃላፊነትን መሸሽ፣ የጉዳቱን ክብደት ማሳነስ፣ የእርምት እርምጃ መውሰድና ጥፋትን አምኖ ይቅርታ መጠየቅ። ቲሞቲ ኩምብስ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረበው ማዕቀፍ ምላሹ እንደ ቀውሱ ዓይነት መለየት እንዳለበት ያስተምራል። ድርጅቱ ራሱ ሰለባ የሆነበት፣ ሳይታሰብ የደረሰና ሊወገድ ይችል የነበረ ቀውስ አንድ ዓይነት ምላሽ አይሰጣቸውም። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ድርጅቱ ሰዎች ራሳቸውን ከጉዳት የሚጠብቁበትንና የደረሰውን ለመረዳት የሚያስችላቸውን መረጃ መስጠት እንዳለበት ኩምብስ ያሳስባል።

ሁለቱም ማዕቀፎች አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋሉ፤ ድርጅቱ የቀውሱን ዓይነት ቢያንስ በግምት ያውቃል ይላሉ። ውስብስብ በሆነ የቴክኒክ አደጋ የመጀመሪያ ሰዓታት ግን መንሥኤውን የሚያውቅ አካል የለም። ጋዜጠኛው ግን ይጠይቃል፤ ቤተሰብም ይጠብቃል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከስልት ምርጫ የሚቀድም ነው፦ መንሥኤው ሳይታወቅ ምን መናገር ይቻላል? የተነገረውስ ኋላ እንዴት ይመዘናል?

3. የመጀመሪያው ቀን

አውሮፕላኑ ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ከጠዋቱ 2፡38 ሲሆን፣ ግንኙነቱ የተቋረጠው በ2፡44 ነበር። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሕይወታቸው አለፈ። ከ4 ወራት በፊት ብቻ የተረከቡት ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነበር። የዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ ላየን ኤር ስም ሲበር ተከስክሶ 189 ሰዎች ሞተዋል።

የአየር መንገዱ የመጀመሪያ መግለጫ አጭር ነበር። የበረራውን ቁጥር፣ የአውሮፕላኑን ዓይነትና የምዝገባ ምልክት፣ የተነሣበትንና ግንኙነት ያቋረጠበትን ሰዓት ያለ ማመንታት አስቀመጠ፤ እነዚህ በድርጅቱ መዝገብ ያሉ እውነታዎች ናቸውና። የተሳፋሪዎቹን ቁጥር ሲጠቅስ ግን 149 ተሳፋሪዎችና 8 የበረራ ሠራተኞች እንደነበሩ እንደሚታመንና ዝርዝሩ በመጣራት ላይ እንዳለ ገለጸ። በሕይወት ስለተረፉ ሰዎችም ሆነ ስለደረሰው ጉዳት የተረጋገጠ መረጃ እንደሌለው አመለከተ። ለቤተሰብና ለወዳጅ የመረጃ ማእከልና የስልክ መስመር እየተቋቋመ መሆኑንም አስታወቀ። ስለ መንሥኤው ምንም አላለም።

ከዚያ በኋላ በወጣው መግለጫ ዋና ሥራ አስፈጻሚው አቶ ተወልደ ገብረማርያም በአደጋው ስፍራ በስብርባሪው መካከል ቆመው የሚያሳይ ፎቶግራፍ ተያይዞ፣ የተረፈ ሰው እንደሌለ ተነገረ። በዚያው ዕለት ሥራ አስፈጻሚው ለጋዜጠኞች ቀርበው፣ አብራሪው ችግር እንደገጠመውና ለመመለስ ፈቃድ ጠይቆ እንደተፈቀደለት አስረዱ። መንሥኤውን መገመት ግን ጊዜው እንዳልሆነ ገለጹ። በማግሥቱም አየር መንገዱ መንሥኤው ባይታወቅም ለተጨማሪ ጥንቃቄ ሲባል የቀሩትን ማክስ 8 አውሮፕላኖቹን ከአደጋው ዕለት ጀምሮ ከበረራ ማገዱን አስታወቀ።

በእነዚህ መግለጫዎች ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ የተረጋገጠውና ያልተረጋገጠው በአንድ መግለጫ ውስጥ ሳይደበላለቁ ተቀምጠዋል። ሁለተኛ፣ ከፍተኛው ኃላፊ በስፍራው በመገኘቱ የሚናገረው የዓይን ምስክርነት ክብደት አገኘ። ሦስተኛ፣ የማገድ ውሳኔው ራሱ መግለጫ ነበር። ድርጅቱ መንሥኤውን አውቃለሁ አላለም፤ ሳያውቅ ግን አደጋው ሊደገም ይችላል በሚል ግምት ርምጃ ወሰደ። ከድርጊት ጋር የሚሄድ ቃል በጋዜጠኛ ዘንድ ከማስተባበያ ይልቅ ይታመናል።

4. የ200 ሰዓቱ ጉዳይ

ይሁንና በመጀመሪያው ቀን ከተነገሩት አኃዞች አንዱ ብዙ መዘዝ አስከትሏል። አየር መንገዱ ዋና አብራሪው ከ8,000 ሰዓት በላይ፣ ረዳት አብራሪው ደግሞ 200 ሰዓት እንደበረሩ ገለጸ። ቁጥሩ ምን እንደሚለካ አልተብራራም ነበር። በውጭ አገር መገናኛ ብዙኃን «በአጠቃላይ 200 ሰዓት ብቻ የበረረ ረዳት አብራሪ» የሚል ንባብ ተሰጠው፤ ውይይቱም ከአውሮፕላኑ ወደ ሠራተኞቹ ብቃት ዞረ። በኋላ የወጣው የቅድመ ምርመራ ሪፖርት የረዳት አብራሪው ጠቅላላ የበረራ ሰዓት 361፣ ከዚህም በ737 ላይ የበረረው 207 መሆኑን አሳየ።

ስለዚህ 200 የሚለው ቁጥር ለአውሮፕላኑ ዓይነት ቅርብ ነበር፤ ለጠቅላላ ልምዱ ግን ስሕተት ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ረቂቅ ነው። የተረጋገጠ አኃዝ መስጠት ብቻ በቂ አይደለም፤ አኃዙ የምን መለኪያ እንደሆነና በሙያው ውስጥ ምን ትርጉም እንዳለው አብሮ መነገር አለበት። ያልተብራራ ቁጥር የሚብራራው በሌላ ሰው ነው፤ የሚብራራውም ቀድሞ በተያዘ ጥርጣሬ መሠረት ነው። በዚህ ረገድ የሞቱት አብራሪዎች ለራሳቸው መናገር የማይችሉ መሆናቸው የቃል አቀባዩን ኃላፊነት ያከብደዋል።

በቀጣዮቹ ሳምንታት በአሜሪካ ጋዜጦች ስለ አየር መንገዱ ሥልጠና ጥያቄዎች ተነሡ። አየር መንገዱም በጽሑፍ ማስተባበያ ሰጠ። መጋቢት 16 ቀን በወጣው የሥራ አስፈጻሚው መግለጫ አብራሪዎቹ በአምራቹ የተመከረውንና በአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን የጸደቀውን የሽግግር ሥልጠና እንደወሰዱ፣ ከላየን ኤር አደጋ በኋላ የወጣውም መመሪያ እንደተገለጸላቸው ተብራራ። በዚያው መግለጫ አየር መንገዱ በቦይንግ ላይ ያለውን እምነት ገልጿል። ክሱን ከምንጩ ጋር በማያያዝ ነጥብ በነጥብ መመለስ፣ ነገር ግን ጠቡን ወደ ጠቅላላ ፍጥጫ አለመቀየር ለጋዜጠኛውም ለአንባቢውም የሚመረመር ነገር ይሰጣል።

5. የአምራቹ መንገድ

የቦይንግ መግለጫዎች ታሪክ የሚጀምረው ከመጋቢት 1 በፊት ነው። የላየን ኤር አደጋ ቅድመ ሪፖርት ኅዳር 2011 ዓ.ም. ሲወጣ ኩባንያው ባወጣው ምላሽ የጥገና ሥራዎችንና የአብራሪዎቹን ርምጃዎች አጉልቶ ጠቀሰ፤ 737 ማክስ ሰማይ ላይ ከበረሩት አውሮፕላኖች ሁሉ ጋር የሚተካከል ደኅንነት እንዳለውም አረጋገጠ። በአደጋው ውስጥ ድርሻ ያለውን፣ አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች የሚገፋውን ኤምካስ የተባለ ሥርዓት በስሙ አልጠቀሰም። ይህ ሥርዓት ከዚያ አደጋ በፊት ለአብራሪዎች በሚሰጠው የበረራ መመሪያ ውስጥም አልተብራራም ነበር።

ከበረራ 302 በኋላ ቻይና መጋቢት 2 ቀን አውሮፕላኖቹን አገደች፤ ሌሎች አገሮችም ተከተሉ። ኩባንያው መጋቢት 3 ቀንም በአውሮፕላኑ ደኅንነት ላይ ሙሉ እምነት እንዳለው ገለጸ። መጋቢት 4 ቀን አሜሪካ ስታግድ፣ ቦይንግ ሙሉ እምነቱ እንዳልተለወጠ ከተናገረ በኋላ ለጥንቃቄ ሲባል ዓለም አቀፍ እገዳውን እንደሚደግፍ አስታወቀ። አንባቢው በአንድ መግለጫ ውስጥ እምነትንና እገዳን አብሮ አገኘ። መጋቢት 26 ቀን የቅድመ ምርመራው ውጤት ሲወጣ የወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴኒስ ሙይለንበርግ በቪዲዮ ይቅርታ ጠየቁ፤ በሁለቱም አደጋዎች ኤምካስ በተሳሳተ የዳሳሽ መረጃ ምክንያት መሥራቱንም አመኑ።

በቤኖይት አከፋፈል ኩባንያው በ5 ወራት ውስጥ ኃላፊነትን ከመሸሽ ወደ ይቅርታ ተጉዟል። ችግሩ የጉዞው መድረሻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ መግለጫ ያለፈውን መግለጫ ማፍረሱ ነበር። የውስጥ ሰነዶችና የሠራተኞች የመልእክት ልውውጦች በኋላ በአሜሪካ ምክር ቤት ምርመራ ይፋ ሲሆኑ፣ ሕዝቡ ኩባንያው በውጭ የተናገረውንና በውስጥ የተባባለውን ማነጻጸር ቻለ። ሥራ አስፈጻሚው ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ኃላፊነታቸውን ለቀቁ። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ኩባንያው ከአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር ባደረገው ስምምነት፣ ሁለት የቴክኒክ አብራሪዎቹ ስለ ኤምካስ ባለሥልጣናትን ማሳሳታቸውን አምኖ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። የመጀመሪያው መግለጫ የሚመዘነው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

6. ምርመራና የመናገር ወሰን

አየር መንገድ በአደጋ ጊዜ የሚናገረው በነጻ ሜዳ ላይ ቆሞ አይደለም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አባሪ 13 መሠረት የምርመራው ዓላማ አደጋ እንዳይደገም መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መለየት አይደለም። ምርመራውን የሚመራው አደጋው የደረሰበት አገር አካል ሲሆን፣ የቅድመ ምርመራ ሪፖርትም በ30 ቀናት ውስጥ ይጠበቃል። የበረራ መረጃና የድምፅ መቅረጫዎቹ መጋቢት 2 ቀን ከተገኙ በኋላ ለንባብ ወደ ፓሪስ ተላኩ። ውጤቱን መጋቢት 26 ቀን ያሳወቁት የወቅቱ የትራንስፖርት ሚኒስትር ወይዘሮ ዳግማዊት ሞገስ ነበሩ እንጂ አየር መንገዱ አልነበረም።

ይህ ወሰን ለቃል አቀባዩ ጥበቃም ጭምር ነው። «ይህን የሚናገረው መርማሪው አካል ነው» የሚለው መልስ ከልብ ከሆነና ድርጅቱ በራሱ ሥልጣን ያለውን መረጃ ሳይደብቅ ከሰጠ፣ ሽሽት አይመስልም። ራሱን የሚጠቅመውን ሲናገርና የማይጠቅመውን ብቻ ለምርመራው ሲተው ግን ጋዜጠኛው ወዲያው ይነቃበታል።

መለኪያው ለሁሉም እኩል መሥራት አለበት። በመጋቢት 26ቱ መግለጫ የበረራ ቡድኑ አምራቹ ያወጣቸውን ሥርዓቶች በሙሉ ደጋግሞ መፈጸሙ ተነግሮ ነበር። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የመጨረሻው ሪፖርት ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ የምርመራ ተቋማት የኤምካስን ድርሻ ተቀብለው፣ ለበረራ ቡድኑ አፈጻጸም በቂ ትኩረት አልተሰጠም ሲሉ አስተያየት አቀረቡ። ክርክሩ ማን ትክክል እንደሆነ መወሰን የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። ነገር ግን «በሙሉ» የሚለው ቃል ከሌሎቹ ቃላት ይልቅ ለክርክር መጋለጡ ግልጽ ነው። አየር መንገዱ ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. በቤሩት አቅራቢያ በደረሰው የበረራ 409 አደጋ ጊዜም ከመርማሪው አገር ጋር በመንሥኤው አልተስማማም፤ የሊባኖስ ሪፖርት ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ላይ ሲጥል አየር መንገዱ አልቀበልም ብሏል። ሁለቱ ጉዳዮች የሚያሳዩት በመጀመሪያው ወር የሚነገር ፍጹም ቃል ዓመታትን በሚወስድ ክርክር ውስጥ እንደሚገባ ነው።

7. ቤተሰብ፣ መርዶና ዜና

የቀውስ ተግባቦት ጥናት «ባለድርሻ አካላት» በሚል ጥቅል ስም የሚጠራቸው ሰዎች እኩል አይደሉም። በአገራችን ሞት የሚነገርበት ሥርዓት አለው። መርዶ የሚነግሩት የተመረጡ ሰዎች ናቸው፤ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሰዓቱ ይታሰብበታል፤ የሚደግፍ ሰው ከሐዘንተኛው አጠገብ ይቆማል። የሥርዓቱ ፍሬ ነገር ቅደም ተከተል ነው፤ የቅርብ ሰው ከሩቅ ሰው በፊት ይሰማል።

የበረራ 302 አደጋ ለሕዝብ የተሰማው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት በትዊተር ባስተላለፈው የሐዘን መግለጫ ነበር። መልእክቱ ወገናዊ ሐዘን የተሞላበት ቢሆንም፣ የአየር መንገዱ የመጀመሪያ መግለጫ በሕይወት ስለተረፉ ሰዎች ገና የተረጋገጠ መረጃ እንደሌለው የገለጸበትን ጊዜ ቀድሟል። ተቋማት ሳይናበቡ ሲናገሩ ቅደም ተከተሉ ይፈርሳል፤ የቅርብ ሰውም መርዶውን ከስልኩ ያነባል። የተሳፋሪዎቹ ማንነት በመጀመሪያ በዜግነት ተዘርዝሮ መውጣቱ፣ ኬንያ 32፣ ካናዳ 18 እያለ፣ ብዙኃን መገናኛ የሚፈልጉትን መረጃ ስም ሳይጠራ ለመስጠት የሚረዳ መንገድ ነበር።

መጋቢት 5 ቀን ከአየር መንገዱ ጋር በተደረገ ስብሰባ ላይ የሟቾች ዘመዶች በቂ መረጃ አልተሰጠንም ብለው ረግጠው ወጥተዋል። መጋቢት 8 ቀን በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የ17 ኢትዮጵያውያን ሥርዓተ ቀብር በባዶ የሬሳ ሣጥኖች ተፈጸመ። ይህ በመግለጫ ጥራት ብቻ የሚድን ቁስል አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር ያሳያል፤ ለጋዜጠኛ በቂ የሆነ መረጃ ለቤተሰብ በቂ አይደለም። ጋዜጠኛው «ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቤተሰቡ ግን «መቼ እቀብራለሁ? ማን ይደውልልኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ለሁለቱ አንድ መድረክና አንድ ቃል አቀባይ መመደብ ሁለቱንም ያጎድላል።

8. ከጉዳዩ የሚወሰዱ ነጥቦች

ከላይ ከቀረበው ትንተና ለድርጅቶች የሚከተሉትን አሠራሮች ማውጣት ይቻላል።

ሀ) በመጀመሪያው ሰዓት ሦስት ዓምድ ያለው ሰነድ ይከፈት፦ የተረጋገጠ፣ በመጣራት ላይ ያለ፣ የሌላ አካል ሥልጣን የሆነ። ማንኛውም መግለጫ ከዚህ ሰነድ ብቻ ይቀዳ፤ አንድ መረጃ ከዓምድ ወደ ዓምድ ሲዛወር ሰዓቱና ያረጋገጠው ሰው ይመዝገብ።

ለ) እያንዳንዱ አኃዝ ከመለኪያው ጋር ይነገር። «200 ሰዓት» ሳይሆን «በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ላይ ይህን ያህል፣ በጠቅላላ ይህን ያህል» ይባል።

ሐ) አዲስ መረጃ ባይኖርም የቀጣዩ መግለጫ ሰዓት ይነገር፤ ሰዓቱም ይከበር። ቀጠሮ የተሰጠው ጋዜጠኛ በግምት የመሙላት ፍላጎቱ ይቀንሳል።

መ) «ሙሉ በሙሉ»፣ «ፈጽሞ»፣ «ያለ ጥርጥር» የሚሉ ቃላት ምርመራ ባልተጠናቀቀበት ጉዳይ ላይ አይነገሩ። የሕግ አማካሪ ዝምታን፣ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ማረጋጊያን ሲመርጡ፣ ሁለቱን የሚያስታርቀው ልኩን የጠበቀ ቃል ነው።

ሠ) የቤተሰብ ግንኙነት ከፕሬስ ሥራ ተለይቶ የራሱ ኃላፊ ይኑረው፤ ለቤተሰብ ያልተነገረ ነገር ለመገናኛ ብዙኃን አይውጣ። ለዚህም ከመንግሥት ተቋማት ጋር ማን ቀድሞ እንደሚናገር አስቀድሞ ስምምነት ይደረስ።

ረ) የተሳሳተ መረጃ ከወጣ የመጀመሪያው በተነገረበት መድረክና በዚያው ጉልህነት ይታረም። በዝምታ የተለወጠ ቁጥር እንደ ተደበቀ ይቆጠራል።

9. ማጠቃለያ

ሁለቱ ኩባንያዎች ስለ አንድ አውሮፕላን፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ለአንድ ዓለም ተናገሩ። አንዱ የማያውቀውን አላውቅም ብሎ አውሮፕላኖቹን አቆመ፤ ሌላው ገና በምርመራ ላይ ስለነበረ ነገር እምነቱን አረጋገጠ። የአየር መንገዱ ተግባቦት እንከን አልነበረበትም ማለት አይቻልም፤ ያልተብራራው አኃዝና የዘመዶቹ ቅሬታ ይህን ያሳያሉ። ነገር ግን በመጀመሪያው ዕለት ያረጋገጣቸው ዋና ዋና ነጥቦች ከዓመታት ምርመራ በኋላም አልተሻሩም።

ለቀጣይ ጥናት የሚቀር ሰፊ ጉዳይ አለ። የአገር ውስጥ ድርጅቶች በቀውስ ጊዜ በአማርኛና በሌሎች የአገር ውስጥ ቋንቋዎች የሚሰጡት መግለጫ በእንግሊዝኛ ከሚሰጡት ጋር በይዘትና በሰዓት ምን ያህል እንደሚጣጣም፣ ከሁሉ በፊት መስማት የሚገባው ቤተሰብም በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰማ ሊመረመር ይገባል። የመግለጫ ዕድሜ የሚለካው በማስረጃ ፊት በመጽናቱ ከሆነ፣ ፍትሐዊነቱ ደግሞ የሚለካው መጀመሪያ ማን ሰማው በሚለው ነው።